የእቁብ ሶፍትዌር የክላስ ንድፍን በፕሮሎግ ስለመፈተሽ

ንድፍ_ሠሪ (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለአንድ እቁብ የሚሆን ሶፍትዌር ለመሥራት ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር የክላስ ንድፍ (በሶፍትዌሩ የሚኖሩ የነገር ዓይነቶችና ግንኙነታቸው) ስናዘጋጅ ከርመናል። በዩኤምኤል፣ ማለትም በሶፍትዌር ንድፍ መሣያ ቋንቋ፣ የሣልነው ዲያግራም አሁን 43 ክላሶች አሉት፤ ሰው፣ አባል፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ዋስ፣ ዕጣ፣ ዙር፣ መዋጮና ቅጣት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ያስቸገሩን ሣጥኖቹና ቀስቶቹ አይደሉም፤ በንድፉ ጠርዝ ላይ በማስታወሻ መልክ የጻፍናቸው ደንቦች ናቸው። «ዕጣ የወጣለት አባል ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ ያቀርባል»፣ «ማንም ለራሱ ዋስ አይሆንም»፣ «አንድን ዕጣ ሁለት ሰዎች በግማሽ በግማሽ ሊይዙት ይችላሉ፤ ከሁለት በላይ ግን አይፈቀድም» የሚሉት ሁሉ ተጽፈዋል እንጂ የሚጠብቃቸው የለም። ንድፉን ባሻሻልን ቁጥር ደንቦቹ አለመጣሳቸውን የምናረጋግጠው በዓይናችን ብቻ ነው። ባለፈው ወር ሁለት ክላሶች እርስ በርሳቸው አንዱ የሌላው ወራሽ (የሌላውን ባሕርያት የሚወስድ) ሆነው ለአሥር ቀናት ሳናስተውል ቆይተናል።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፕሮሎግን፣ እውነታና ሕግ ጽፎ ጥያቄ የሚጠየቅበትን የሎጂክ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ ለአንድ ሴሚስተር ተምሬአለሁ። ያኔ የቤተሰብ ዝምድናን ይዘን «አያት» የሚለውን ሕግ ስንጽፍ ነገሩ ከክላስ ውርስ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ልብ ብዬ ነበር። ሶፍትዌሩ በጃቫ እንደሚጻፍ ተወስኗል፤ ንድፉን ግን በሎጂክ ፕሮግራሚንግ ገልጾ መፈተሽ ይቻል እንደሆነ፣ የሚቻልም ከሆነ ከየት እንደሚጀመር ልምድ ያላችሁ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

ሠንጠረዥ (ምላሽ 1)

ይቻላል፤ እንዲያውም እርስዎ የሚሠሩበት ጃቫ ራሱ በዚህ መንገድ ከተገለጹት ቴክኖሎጂዎች አንዱ ነው። የጃቫ ቨርቹዋል ማሽን (የጃቫ ፕሮግራሞችን የሚያሮጠው ሶፍትዌር) ይፋዊ ዝርዝር መግለጫ፣ ከጃቫ 7 ዕትም ጀምሮ፣ የተጠናቀሩ ክላሶች ከመሮጣቸው በፊት የሚያልፉበትን የዓይነት ፍተሻ የሚደነግገው በፕሮሎግ ሕጎች ነው። ለምሳሌ አንድ ክላስ ጤናማ የሚባለው ዘዴዎቹ ሁሉ ጤናማ ሲሆኑና እንዳይወረስ የተከለከለ ክላስ ያልወረሰ ሲሆን መሆኑ እዚያ ውስጥ በፕሮሎግ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ ይገኛል። ማሽኑን የሚሠሩት ሰዎች ፈታሹን በሌላ ቋንቋ ይጽፉት ይሆናል፤ ትርጉሙን አሻሚ ሳይሆን ለማስቀመጥ የተመረጠው ግን ሎጂክ ነው። ስለዚህ የጀመሩት ሐሳብ እንግዳ አይደለም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ዲያግራሙ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሣጥንና ቀስት አንድ እውነታ ይሆናል።

ክላስ(ሰው).
ክላስ(አባል).
ክላስ(ዳኛ).
ይወርሳል(አባል, ሰው).
ይወርሳል(ዳኛ, አባል).
ባሕርይ(ሰው, ስም, ጽሑፍ).
ባሕርይ(አባል, የገባበት_ቀን, ቀን).

ቀጥሎ ከእነዚህ የሚመነጨውን በሕግ ይገልጻሉ። በሕጎቹ ውስጥ «:-» «ከሆነ»፣ ኮማ «እና»፣ ብቻውን የቆመ «_» «ማንኛውም»፣ «\==» ደግሞ «አንድ አይደሉም» ማለት ነው። የተለዋዋጭ ስሞች በታች ሰረዝ የጀመሩት የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ነው፤ ፕሮሎግ ተለዋዋጭን የሚለየው በትልቅ የላቲን ፊደል ወይም በታች ሰረዝ ነውና፣ በአማርኛ ስንጽፍ የቀረልን ሁለተኛው መንገድ ብቻ ነው። በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻም አራት ነጥብ ሳይሆን አንድ ነጥብ ይደረጋል።

ዘር(_ልጅ, _አባት) :- ይወርሳል(_ልጅ, _አባት).
ዘር(_ልጅ, _አያት) :- ይወርሳል(_ልጅ, _አባት), ዘር(_አባት, _አያት).
አለው(_ክላስ, _ባሕርይ) :- ባሕርይ(_ክላስ, _ባሕርይ, _).
አለው(_ክላስ, _ባሕርይ) :- ዘር(_ክላስ, _አያት), ባሕርይ(_አያት, _ባሕርይ, _).

አሁን «ዳኛ ምን ምን ባሕርያት አሉት?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ፤ ያንኑ ሕግ ሳይነኩ ገልብጠው «ስም የሚባል ባሕርይ ያላቸው ክላሶች እነማን ናቸው?» ማለትም ይችላሉ። ገደቦችን ደግሞ «ይህ ደንብ ተከብሯል» በሚል አይጻፉ፤ አጥፊውን በስም እንዲያወጣ አድርገው ይጻፉ። «አልተከበረም» የሚል ምላሽ ብቻውን ማንንም አይረዳምና።

ጥሰት(የውርስ_ዙሪት, _ክላስ) :- ዘር(_ክላስ, _ክላስ).
ጥሰት(ሁለት_ወላጅ, _ክላስ) :- ይወርሳል(_ክላስ, _ሀ), ይወርሳል(_ክላስ, _ለ), _ሀ \== _ለ.

ሁለተኛው ደንብ የመጣው ከጃቫ ነው፤ ጃቫ አንድ ክላስ ከአንድ ክላስ ብቻ እንዲወርስ ስለሚፈቅድ። ነገ ሶፍትዌሩን በፓይተን ለመጻፍ ብትወስኑ ያንን አንድ ዐረፍተ ነገር መሰረዝ ይበቃል፤ ንድፉ ግን እንዳለ ይቆያል።

ቀስት_እና_ሣጥን (ምላሽ 2)

ከምላሽ 1 ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ዩኤምኤል ለዚሁ ጉዳይ ኦሲኤል የሚባል የገደብ መጻፊያ ቋንቋ አለው፤ በአይቢኤም ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዩኤምኤል 1.1 ጋር አብሮ ጸድቋል። የንድፍ መሣሪያዎችም የሚያውቁት እሱን ነው። ደንቦቹን በሌላ ቋንቋ ስንጽፍ ዲያግራሙ በአንድ ቦታ፣ እውነታዎቹ በሌላ ቦታ ይሆኑና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለቱ ይለያያሉ። ዲያግራሙን ያሻሻለ ሰው የፕሮሎጉን ፋይል ማሻሻል ከረሳ ፍተሻው የሚፈትሸው የትናንቱን ንድፍ ነው። ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም፤ ሁለት ቅጂ ያለው ሞዴል በየትኛው እንደሚታመን የማይታወቅ ሞዴል ነው።

ሠንጠረዥ (ምላሽ 3)

ስለ ሁለት ቅጂ ያነሡት ትክክል ነው፤ እውነታዎቹን በእጅ መጻፍ የሚገባው ለሙከራ ያህል ብቻ ነው። የዩኤምኤል መሣሪያዎች ንድፉን በኤክስኤምኤል (መረጃ በጽሑፍ የሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) መልክ ማውጣት ስለሚችሉ፣ ከዚያ ፋይል እውነታዎቹን የሚያመነጭ ትንሽ ፕሮግራም ተጽፎ ዲያግራሙ በተቀመጠ ቁጥር መሮጥ አለበት። በእጅ የሚጻፉት ሕጎቹ ብቻ ይሁኑ።

በኦሲኤል ላይ ግን አንድ ልዩነት ልብ ይበሉልኝ። ኦሲኤል ሁልጊዜ ከአንድ ክላስ ቆሞ ወደ ሌሎቹ የሚመለከት ቋንቋ ነው፤ «እኔ አባል ስሆን ዋሴ ከእኔ የተለየ መሆን አለበት» እንደማለት። የሎጂክ ዐረፍተ ነገር የቆመበት ቦታ የለውም፤ ዝምድናውን ብቻ ይናገርና ከየትኛውም ጫፍ ይጠየቃል። ለማረጋገጥ ብቻ ከሆነ ኦሲኤል በቂ ሊሆን ይችላል። ንድፉን ገና እየመረመሩ፣ ምን እንደሚጠይቁ እንኳ ሳያውቁ በሚጠይቁበት ጊዜ ግን የሁለተኛው ነፃነት ብዙ ያተርፋል።

ንድፍ_ሠሪ (ምላሽ 4)

በተባለው መሠረት ከሦስት ቀናት በፊት ጀመርኩ። የስዊ-ፕሮሎግን (ከፕሮሎግ ዓይነቶች አንዱ ነው) ፋይል በአማርኛ ጽፌ ሲነበብ ያለ ችግር ተቀብሎኛል፤ ባልደረቦቼም ፕሮግራም ሳይሆን የእቁብ መተዳደሪያ ደንብ የሚያነቡ ያህል ተከታትለውታል። ፍተሻው በእርግጥ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ያንን የቀድሞ ስሕተት የያዘውን ንድፍ ሰጠሁት። በዚያ ንድፍ መዝገብ ከሰነድ ይወርሳል፣ ሰነድ ደግሞ ከመዝገብ ይወርሳል፤ የዕጣ መዝገብ የተባለ ሦስተኛ ክላስም ከመዝገብ ይወርሳል። የውርስ ዙሪት ያለበትን ክላስ እንዲያወጣልኝ ስጠይቀው ግን ምንም ሳይመልስ ቆየ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቄ በራሴ እጅ አቋረጥኩት። ስሕተቱን እንዲያገኝ የጻፍነው ጥያቄ ስሕተቱ ባለበት ንድፍ ላይ ብቻ የማይመልስ ከሆነ ምን ጥቅም አለው?

ሠንጠረዥ (ምላሽ 5)

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማስጠንቀቅ ነበረብኝ። ፕሮሎግ ሕጎችን የሚከተለው ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በእርስዎ ፋይል ውስጥ የዕጣ መዝገብ እውነታ መጀመሪያ የተጻፈ ይመስለኛል። ፕሮሎግ ከእሱ ተነሥቶ ወደ መዝገብ ይሄዳል፤ ከዚያ ወደ ሰነድ፣ ከሰነድ ተመልሶ ወደ መዝገብ። የሚፈልገው የዕጣ መዝገብን ነው፤ እሱ ደግሞ በዙሪቱ ውስጥ ስለሌለ ፈጽሞ አያገኘውም፤ ግን መዞሩንም አያቆምም። ሎጂኩ ትክክል ሆኖ ሳለ የአፈጻጸሙ ቅደም ተከተል ያሳታል ማለት ነው። የሎጂክ ፕሮግራሚንግ ተመራማሪው ሮበርት ኮዋልስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 አልጎሪዝም ማለት ሎጂክ ሲደመር ቁጥጥር ነው ያለው ይህንኑ ሁለትነት ለመለየት ነው።

መፍትሔው ያገኙትን መልስ በሠንጠረዥ እየመዘገቡ መሄድ ነው። ዘር የተባለው ባለ ሁለት ቦታ ሕግ በሠንጠረዥ እንዲያዝ የሚያዝ አንድ የመመሪያ መስመር ከሕጉ በላይ ያስቀምጡ፤ ስዊ-ፕሮሎግም ሆነ ይህን ስልት ያስፋፋው ኤክስኤስቢ የተባለ ሌላ የፕሮሎግ ዓይነት ይደግፉታል። ከዚያ በኋላ ፕሮሎግ አንድ ጊዜ የጀመረውን ጥያቄ ደግሞ ሲያገኘው እንደ አዲስ አይነሣም፤ ከመዝገቡ የተገኘውን ወስዶ ይቀጥላል። ክላሶቹ የተወሰኑ እስከሆኑ ድረስ ፍለጋውም ያበቃል። በንድፍ ላይ የሚጻፍ ራሱን የሚጠራ ሕግ ሁሉ በሠንጠረዥ ይያዝ፤ ንድፍ ገና ያልታረመ ነገር ስለሆነ ዙሪት እንደሌለበት አስቀድሞ ማመን አይቻልም።

ንድፍ_ሠሪ (ምላሽ 6)

መስመሩን ጨምሬ መዝገብንና ሰነድን ወዲያውኑ አወጣልኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ቀጥዬ ከክላሶቹ ወደ አባላቱ ወረድኩ። 12 ምናባዊ አባላት ያሉት እቁብ ፈጥሬ፣ ማን በስንተኛው ዙር እንደወሰደና ማን ለማን ዋስ እንደሆነ እውነታዎችን ሰጠሁ። ዋስ(አባል_3, አባል_7) ማለት 3ኛው ለ7ኛው ዋስ ሆኗል ማለት ነው። አባል_5ን ሆን ብዬ ያለ ዋስ እንዲወስድ አደረግሁና የሚከተለውን ጻፍኩ።

ጥሰት(ያለ_ዋስ, _አባል) :- \+ ዋስ(_, _አባል), ወስዷል(_አባል, _).

ፍተሻው ምንም ጥሰት የለም አለኝ። ይህ ካለፈው የከፋ ነው፤ ያኛው ዝም አለ፣ ይኸኛው ግን ደህና ነው ብሎ አሳሳተኝ።

የመረጃ_ቋት_ሠራተኛ (ምላሽ 7)

የሁለቱን ሁኔታዎች ቅደም ተከተል ይቀይሩ።

ጥሰት(ያለ_ዋስ, _አባል) :- ወስዷል(_አባል, _), \+ ዋስ(_, _አባል).

ምክንያቱ ይህ ነው። በፕሮሎግ የአሉታ ምልክት «ሐሰት መሆኑን አረጋገጥኩ» ማለት አይደለም፤ «እውነት መሆኑን ለማሳየት ሞክሬ አልቻልኩም» ማለት ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኪዝ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1978 የዚህን አሉታ ሎጂካዊ ትርጉም ያስቀመጡት ይህ ልዩነት እንዳይምታታ ነበር። በእርስዎ አጻጻፍ አሉታው መጀመሪያ ሲደርስ _አባል ገና ማንንም አልያዘም። ስለዚህ ፕሮሎግ የተረዳው ጥያቄ «ይህ አባል ዋስ የለውም?» የሚል ሳይሆን «በዚህ እቁብ ውስጥ ዋስ ያለው አንድም ሰው የለም?» የሚል ነው። አንድ ሰው እንኳ ዋስ ካለው መልሱ ይወድቃል፤ አባል_5ም ከዓይን ይሰወራል። ወስዷል የሚለው ከቀደመ ግን አባሉ አስቀድሞ በስም ይታወቅና አሉታው ስለ እሱ ብቻ ይጠይቃል።

እዚሁ ላይ ሌላም ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በሥራዬ ብዙ ጊዜ ሰዎች ሲሳሳቱበት አይቻለሁ። ፕሮሎግ ያልተጻፈውን ሁሉ ሐሰት አድርጎ ይወስዳል። ይህ «ዝግ ዓለም» የሚባለው አስተሳሰብ ለእቁብ መዝገብ ፍጹም ተስማሚ ነው፤ በጸሐፊው ደብተር ላይ ዋስ ካልተጻፈ ዋስ የለም ማለት ነውና። ለንድፍ ግን ሁልጊዜ አይስማማም። አንድ ክላስ ስንት ዕጣ ሊይዝ እንደሚችል ዲያግራሙ ላይ ካልተጻፈ «ምንም አይይዝም» ማለት ሳይሆን «ገና አልተወሰነም» ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በአንድ ዝምታ እንዳይገለጹ ያልተወሰነውን አልተወሰነም በሚል እውነታ በግልጽ ይጻፉት፤ ፍተሻውም እነዚያን ለብቻ ይዘርዝር። ባልደረቦቻችሁ በስብሰባ ላይ የሚወያዩበት ጉዳይ ከዚያ ዝርዝር ይወጣል።

ቀስት_እና_ሣጥን (ምላሽ 8)

ውይይቱን በጥሞና እየተከታተልኩ ነው፤ የፍተሻውን ጥቅምም እቀበላለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ንድፍ_ሠሪ በመጀመሪያው ጽሑፋቸው ዋስን ከክላሶቹ መካከል ቆጥረውት ነበር፤ በምላሽ 6 ላይ ደግሞ ዋስ(አባል_3, አባል_7) ብለው እንደ ዝምድና ጻፉት። የቱ ነው ትክክሉ?

ሠንጠረዥ (ምላሽ 9)

ከሁሉም የላቀው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ ሎጂክ ለንድፍ የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ከፍተሻው ይልቅ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዩኤምኤል ሣጥን መሣል ምንም አያስጠይቅም። «ዋስ» የሚል ስም በእቁብ ደንብ ውስጥ አለ፤ ስም ከሆነ ክላስ ይሁን፤ ዋስ ሁሉ አባል ስለሆነ ደግሞ ከአባል ይውረስ እንላለን። በፕሮሎግ ግን ቃሉን ስንጽፍ ቅንፍ እንከፍታለን፤ በቅንፉ ውስጥ ስንት ቦታ እንደሚኖር የግድ መወሰን አለብን። ሰው(_ሀ) ብሎ ማቆም ይቻላል፤ ሰው ሁሉ በራሱ ሰው ነው። ዋስ(_ሀ) ብለን ልናቆም ስንል ግን ቋንቋችን ራሱ «የማን ዋስ?» ብሎ ይጠይቀናል። ንድፍ_ሠሪ ሳያስቡበት ሁለት ቦታ የሰጡት ስለዚህ ነው፤ እጃቸው ከዲያግራሙ ይልቅ እውነቱን ያውቅ ነበር። ዋስ የሰው ዓይነት አይደለም፤ በሁለት አባላት መካከል ያለ ነገር ነው።

ይህ በጃቫ ላይ የሚያስከትለው ከባድ ነው። ዋስ ከአባል የሚወርስ ክላስ ቢሆን፣ 3ኛው አባል ዛሬ ዋስ ሲሆን አዲስ ኦብጀክት (ከክላስ የሚፈጠር አንድ ነገር) መፍጠር ያስፈልግ ነበር፤ የተፈጠረ ኦብጀክት ክላሱን አይቀይርምና። ከዚያ አንድ ሰው በሁለት ኦብጀክት ይወከላል፤ መዋጮው በአንዱ ሲመዘገብ ቅጣቱ በሌላው ይመዘገባል። ዳኛና ጸሐፊም በዚሁ ዓይን ይታዩ፤ የማን ዳኛ፣ የየትኛው ዙር ጸሐፊ? የእቁቡ ዳኛ በዓመቱ የሚቀየር ከሆነ እሱም ሁለት ቦታ የሚፈልግ ነው፤ በምላሽ 1 ዳኛን ከአባል እንዲወርስ አድርጌ የጻፍኩትን እኔም እዚህ ላይ አርማለሁ።

ክላስንና ሎጂክን አስታርቆ የያዘ ቋንቋ ማየት ለሚፈልግ ኮድኪውኤልን ይመልከት። በኦክስፎርድ ከተመሠረተውና ጊትሃብ እ.ኤ.አ. በ2019 ከገዛው ሴምል ከተባለ ኩባንያ የመጣ ሲሆን፣ የፕሮግራሞችን ምንጭ እንደ መረጃ ቋት አድርጎ ስሕተት የሚፈልግ የዳታሎግ (ለመረጃ ቋት ጥያቄ የሚሆን የፕሮሎግ ዘመድ) ዝርያ ነው። በእሱ ክላስ ማለት አንድን ሁኔታ የሚያሟሉ ነገሮች ስብስብ ነው፤ መውረስ ማለትም ተጨማሪ ሁኔታ ማሟላት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ በብዙ ክላሶች ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ማንም «አልፈጠረውም»፤ ሁኔታውን ስላሟላ ብቻ አለ። ጃቫ ይህን አይሰጠንም። ጃቫ የማይሰጠን መሆኑን ከመጻፋችን በፊት ማወቃችን ግን ብዙ ድካም ያድናል።

የመረጃ_ቋት_ሠራተኛ (ምላሽ 10)

በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ስለ ጊዜ ማንም አላነሣም። ኦብጀክት ይለዋወጣል፤ የሎጂክ እውነታ ግን አንዴ እውነት ከሆነ እውነት ነው። ፕሮሎግ እውነታን የመጨመርና የመሻር ትእዛዞች ስላሉት ብዙዎች የኦብጀክትን ሁኔታ በእነዚያ ይመስሉታል፤ ያን ጊዜ ሕጎቹ ትርጉማቸው በቅደም ተከተል ላይ ይወድቃልና ሎጂክ የመረጥንበት ምክንያት ይጠፋል። ከመሻር ይልቅ ጊዜውን ራሱን አንድ ቦታ አድርጎ መስጠት ይሻላል፤ ዳኛ(አባል_2, ዓመት_1) እና ዳኛ(አባል_9, ዓመት_2) ሳይጋጩ አብረው ይኖራሉ። ኮዋልስኪና ሰርጎት እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት የክስተት ስሌት ይህንኑ አጥብቆ የሚሄድ ነው፤ የሚመዘገበው ክስተቱ ብቻ ሆኖ፣ በአንድ ጊዜ ምን እውነት እንደነበረ ከክስተቶቹ ይመነጫል። የእቁብ ደብተርም ከጥንት የሚጻፈው እንዲሁ ነው፤ ጸሐፊው የትናንቱን መስመር ፍቆ አይጽፍም፣ ከሥሩ ይቀጥላል።

ኦብጀክቶችን በቀጥታ በፕሮሎግ ላይ መጻፍ ለሚፈልግ ደግሞ ፓውሎ ሙራ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚያዳብረው ሎግቶክ አለ፤ በብዙ የፕሮሎግ ዓይነቶች ላይ ይሠራል። ለዚህ ፍተሻ ግን አያስፈልግም።

ቀስት_እና_ሣጥን (ምላሽ 11)

አንድ ወሰን ብቻ ላስታውስ። እስካሁን የተጻፈው ሁሉ የሚፈትሸው እርስዎ የሰጡትን 12 አባላት ነው፤ ያልሰጡትን እቁብ አይፈጥርም። ደንቦቻችሁ ያላሰባችሁትን ክፍተት እንዲያወጡ ከፈለጋችሁ፣ ዳንኤል ጃክሰን በኤምአይቲ የጀመረው አሎይ የተባለ መሣሪያ ለዚያ የተሠራ ነው። የተወሰነ መጠን ይሰጡታል፣ ለምሳሌ እስከ አምስት አባላትና እስከ አምስት ዙር፤ በዚያ ወሰን ውስጥ ደንቡን የሚያከብር ነገር ግን ያልፈለጋችሁት ሁኔታ ካለ ፈልጎ ያሳያችኋል። ለምሳሌ ሁለት አባላት አንዱ ለሌላው ዋስ ሆነው ሁለቱም በተከታታይ ዙር ቢወስዱ በመጀመሪያው ጽሑፍ ላይ ያሉት ደንቦች አይከለክሏቸውም። ይህን እኔ በወረቀት ላይ አግኝቼዋለሁ፤ አሎይ ደግሞ እንዲህ ያለውን በራሱ ፈልጎ ሊያሳይ ይችላል።

ንድፍ_ሠሪ (ምላሽ 12)

የምላሽ 11ን ክፍተት ለእቁቡ ዳኛ አሳየኋቸው። እንዲህ ዓይነት መተጋገዝ በአፍ የተከለከለ መሆኑን፣ ደንቡ ላይ ግን እንዳልተጻፈ ነገሩኝ፤ አሁን በጽሑፍ ይገባል። ዋስ፣ ዳኛና ጸሐፊም ከአባል ወራሽነት ወጥተው ዝምድና ሆነዋል፤ ክላሶቹ ከ43 ወደ 40 ወርደዋል።

የቀረኝ የግማሽ ዕጣ ደንብ ነው። አንድን ዕጣ ከሁለት በላይ ሰዎች እንዳይይዙት እንዲህ ጻፍኩ።

ጥሰት(ከሁለት_በላይ, _ዕጣ) :- ድርሻ(_ዕጣ, _ሀ), ድርሻ(_ዕጣ, _ለ), ድርሻ(_ዕጣ, _ሐ), _ሀ \== _ለ, _ለ \== _ሐ, _ሀ \== _ሐ.

ሦስት ሰዎች የያዙትን ዕጣ በትክክል ያገኘዋል፤ ነገር ግን ያንኑ ጥሰት ስድስት ጊዜ ይደጋግመዋል።

ሠንጠረዥ (ምላሽ 13)

ስድስት ጊዜ የሚያወጣው ሦስት ሰዎች በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊቆሙ ስለሚችሉ ነው፤ ለፕሮሎግ እያንዳንዱ አቋቋም የተለየ ማስረጃ ነው። ሦስቱን የመለያየት ሁኔታዎች አውጥተው በምትካቸው የቅደም ተከተል ማነጻጸሪያ ያስገቡ።

ጥሰት(ከሁለት_በላይ, _ዕጣ) :- ድርሻ(_ዕጣ, _ሀ), ድርሻ(_ዕጣ, _ለ), ድርሻ(_ዕጣ, _ሐ), _ሀ @< _ለ, _ለ @< _ሐ.

አንዱ ከሌላው የሚቀድም ከሆነ የተለያዩ መሆናቸው በዚያው ይረጋገጣል፤ ከስድስቱ አቋቋሞችም አንዱ ብቻ ያልፋል። በምላሽ 1 ሁለት ወላጅ ያለውን ክላስ የሚፈልገውን ሕጌንም በዚሁ መንገድ ያርሙት፤ እሱም እያንዳንዱን ጥሰት ሁለት ጊዜ ሲያወጣ ቆይቷል።

ንድፍ_ሠሪ (ምላሽ 14)

ሁለቱንም አርሜ ሠርተዋል። እውነታዎቹን ከዲያግራሙ የሚያመነጨውን ፕሮግራም ዛሬ ማታ እጀምራለሁ፤ የአማርኛ የክላስ ስሞች በኤክስኤምኤሉ ውስጥ በትክክል ከወጡ ሕጎቹን ከነምሳሌ እቁቡ እዚሁ እለጥፋለሁ።